ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፦ ከወደደችው ይልቅ የታዘዘችውን የመረጠች እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ከአባቷ ከባሕር ሰገድና ከእናቷ ከክርስቶስ ዕበያ ተወለደች። ለዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክአ ክርስቶስ ተዳረች፤ የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ዐረፉ። ልቧ ምናኔን ቢናፍቅም በስሜት አልቸኮለችም፤ በጾምና በጸሎት ጸንታ የጣና ገዳማት አባቶችን ምክር ተቀበለች። በመጀመሪያ ስትሸሽ ባሏ የተጠለለችበትን ሀገር ስላጠፋ፣ ሌሎች በእርሷ ምክንያት እንዳይጎዱ ተመለሰች። በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በተገደሉ ጊዜ ግን የባሏን ተባባሪነት ዐውቃ ፈጽማ ተለየችው።

ከእኅተ ክርስቶስ ጋር መንኩሳ የካቶሊክን እምነት በመቃወሟ ወደ ዠበይ ተጋዘች። ብቻዋን በጸሎት መኖርን ስትሻ ጌታችን ተገልጾ ማኅበር እንድትጠብቅ አዘዛት። ሸክሙ ቢከብዳትም ታዘዘች፤ በጣና ዙሪያና በሌሎችም ስፍራዎች ሰባት ማኅበራትን መራች። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖት ከተመለሰች በኋላም አገልግሎቷን አላቋረጠችም። ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐርፋ በሬማ ገዳም ተቀበረች። አባ ገላውዴዎስም ከ30 ዓመት በኋላ ገድሏን ጻፈ።

ምእመናን ሆይ፣ የልባችን ምኞት ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ በጸሎት፣ በአባቶች ምክርና ለወንድም በመራራት ይመረመራል፤ እምነት በሚፈተንበት ጊዜ ግን ማመንታት የለም።

የእናታችን በረከት ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር