አንትዋን ለኩልትር፤ የሴቶችን የእጅ ሰዓት መንገድ የጠረገ የቀጥቃጭ ልጅ

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው ጨንቻ፣ የቀድሞው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በመሆንዋ ብቻ ሳይሆን በሸማ ሥራዋም ትታወቃለች። በዶርዜና በአካባቢው ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤት ውስጥ ሥራ ነው።

በስዊዘርላንድ የፈረንሳይ ድንበር አጠገብ የሚገኘው የዡ ሸለቆም ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው። በረዶው እርሻን በሚያስቆምበት ረዥም ክረምት ገበሬዎቹ በየቤታቸው ተቀምጠው የሰዓት ክፍሎችን ይሠሩ ነበር። አንትዋን ለኩልትር በዚሁ ሸለቆ፣ ለ ሳንቲየ በተባለች መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1803 ተወለደ።

አባቱ ቀጥቃጭ ነበር። ልጁም በቤተሰቡ መሥሪያ ቤት ብረት መሥራትን ተማረ፤ ለሙዚቃ ሳጥን የሚሆኑ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ጥራት ለማሻሻልም ደክሟል። በ1833 የሰዓት ጥርሳም ዘንጎችን ከብረት የሚቆርጥ መሣሪያ ፈልስፎ የራሱን አነስተኛ መሥሪያ ቤት ከፈተ።

በዘመኑ የነበረው ዋነኛ ችግር ልክ ነበር። አንዱ ቤት የሠራው ዘንግ ሌላው ቤት ከሠራው ጥርስ ጋር ስለማይገጥም ባለሙያው እያንዳንዱን ክፍል በሞረድ እያስተካከለ ለማገጣጠም ይገደድ ነበር። ለኩልትር በ1844 የሚሊሜትርን አንድ ሺህኛ ለመለካት የሚያስችል ሚሊዮኖሜትር የተባለ መሣሪያ ሠራ። ከዚህ በኋላ የእጅ ብልሃት በልኬት የሚደገፍ ሆነ።

ሰዓት በዚያን ጊዜ የሚሞላው በተለየ ትንሽ ቁልፍ ነበር። ቁልፉ ይጠፋል፤ በቀዳዳውም አቧራ ይገባል። ለኩልትር በ1847 ያለ ቁልፍ ሰዓትን ለመሙላትና ዘንጎቹን ለማስተካከል የሚያስችል ስልት አበጀ። አድሪያን ፊሊፕን የመሳሰሉ ሌሎች ባለሙያዎችም በዚያው ዘመን በተመሳሳይ ጥረት ላይ እንደነበሩ ይታወቃል። በዛሬዎቹ የሚሞሉ የእጅ ሰዓቶች ጎን ያለችው መዘወሪያ የዚያ ጥረት ውጤት ናት። መዘወሪያዋ ስትዞር በውስጥ ያለው ሞላ ይጠቀለላል፤ ሞላው ቀስ በቀስ ሲፈታ ጥርሶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ወዲያና ወዲህ የምትመላለሰው ትንሽ ጎማ ደግሞ ፍጥነቱን ትቆጣጠራለች።

ለኩልትር በ1851 በለንደን በተካሄደው ታላቁ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርዕይ ስለ ሥራው ሜዳሊያ ተሸልሟል። ይሁንና ከፈጠራዎቹ ባላነሰ የሚጠቀስለት በ1866 ከልጁ ከኤሊ ጋር የወሰደው እርምጃ ነው። አባትና ልጅ በሸለቆው በየቤቱ ተበታትነው ይሠሩ የነበሩትን የሰዓት ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰቡ። የብረት ቆራጩ፣ የጥርስ ሠሪውና የአገጣጣሚው ዕውቀት በአንድነት መዳበር ጀመረ፤ መሥሪያ ቤቱም ውሎ አድሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች የሚተዳደሩበት ለመሆን በቃ።

ለኩልትር በ1881 በተወለደ በ78 ዓመቱ አረፈ። የእጅ ሰዓት በስፋት ሲለመድ አላየም። ሰዓትን በአንጓ ላይ ማሰር አስቀድሞ የሴቶች ጌጥ ተደርጎ የሚታይ ሲሆን፣ ወንዶች በብዛት የተቀበሉት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ለሴት አንጓ የሚመች ሰዓት ግን እጅግ ትንሽ ማሽን ይጠይቃል፤ ትንሽ ማሽን ደግሞ ያለ ጥብቅ ልክ አይሠራም።

የለኩልትር የልክ ትምህርት ፍሬ ያፈራው እዚህ ላይ ነው። የእርሱ መሥሪያ ቤት በ1929 ካሊበር 101 የተባለውን በእጅ የሚሞላ የሴቶች ሰዓት ማሽን አወጣ። ርዝመቱ 14፣ ወርዱ 4.8፣ ከፍታው 3.4 ሚሊሜትር ነው፤ ክብደቱም አንድ ግራም ያህል ብቻ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በ1953 ዘውድ ሲጭኑ ይህ ማሽን ያለበትን ሰዓት አድርገው እንደነበር ይታወሳል።

በኢትዮጵያ ቀጥቃጭና ሸማኔ ለረዥም ዘመን በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 የእጅ ሙያተኛን መስደብ በዐዋጅ መከልከላቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያመለክታል። ከጨንቻ ደጋ የተነሱ በርካታ ሸማኔዎችም ገበያ ፍለጋ ቀያቸውን ትተው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሠፍረዋል።

የዡ ሸለቆ ሙያተኛ ግን ሥራው ወደ መንደሩ መጥቶለታል። ለዚህ ያበቃው የመሬቱ ለምነት አልነበረም፤ ደጋው ቀዝቃዛ፣ ክረምቱም አስቸጋሪ ነበር። የቀጥቃጩ ልጅ ለነባሩ ሙያ ልክን፣ መሣሪያንና የጋራ መሥሪያ ቦታን ጨመረለት። የእጅ ሙያን የማሳደግ ኃላፊነት ለተጣለባቸው ሁሉ የለኩልትር ሕይወት የሚተወው ትምህርትም ይኸው ነው።