የወባን ተህዋስ በቫይታሚኑ በኩል የተዋጉት ሳይንቲስት

ሀዋሳ - የክረምቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያሉት ወራት በሀዋሳ ከተማና በአካባቢዋ የወባ ትንኝ የምትራባባቸው ናቸው። ሐይቁን ተንተርሳ የተቆረቆረችው ከተማ ለወባ ተጋላጭ ከሚባሉት፣ ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ከሚገኙት የአገሪቱ አካባቢዎች አንዷ ነች።

በእነዚህ አካባቢዎች ያደጉ ብዙዎች ፋንሲዳር የተባለውን የወባ መድኃኒት ያስታውሱታል። ከመድኃኒቱ ሁለት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነውን ፒሪሜታሚንን ካስገኙት ተመራማሪዎች መካከል አሜሪካዊቷ የኬሚስትሪ ባለሙያ ገርትሩድ ኤሊየን ይገኙበታል።

ኤሊየን እ.ኤ.አ በ1918 በኒውዮርክ ከተማ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ከሊትዌኒያ የመጡ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ የሚወዷቸው አያታቸው በካንሰር መሞታቸው ሕይወታቸውን ለሕክምና ምርምር እንዲሰጡ አነሳሳቸው። እ.ኤ.አ በ1929 የደረሰው የአክሲዮን ገበያ ውድቀት የቤተሰቡን ሀብት ስላጠፋው፣ የኮሌጅ ትምህርታቸውን የተከታተሉት ክፍያ በማይጠየቅበት ሀንተር ኮሌጅ ነበር።

እ.ኤ.አ በ1937 በኬሚስትሪ ቢመረቁም ቤተ ሙከራዎች ለሴቶች በራቸውን አልከፈቱም ነበር። ያለ ደመወዝ በረዳትነት ሠርተዋል፤ በመምህርነትም አገልግለዋል። የማስተርስ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ በ1941 ያገኙ ሲሆን፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባለሙያ እጥረት ባስከተለበት በ1944 በባሮውስ ዌልካም የመድኃኒት ኩባንያ የጆርጅ ሂችንግስ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ። በማታ የጀመሩትን የዶክትሬት ትምህርት በሙሉ ጊዜ እንዲከታተሉ በተጠየቁ ጊዜም ሥራቸውን መርጠው ትምህርቱን አቋረጡ።

ሂችንግስና ኤሊየን የተከተሉት መንገድ በዘመኑ ከተለመደው የተለየ ነበር። ንጥረ ነገሮችን በዘፈቀደ ከመሞከር ይልቅ፣ በሽታ አምጪው ተህዋስ ለመራባት ምን እንደሚያስፈልገውና ይህም ከሰው በምን እንደሚለይ አስቀድመው ይመረምሩ ነበር።

በወባ ረገድ ልዩነቱ የሚታየው ነፍሰ ጡር እናቶች በጤና ጣቢያ በሚታዘዝላቸው ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም በፎሌት ቫይታሚን ላይ ነው። ሰው ይህን ቫይታሚን ከምግብ ያገኛል፤ የወባ ተህዋስ ግን ራሱ ማምረት ይችላል። ቫይታሚኑ ከሌለ ተህዋሱ የዘር ቅንጣቱን ማባዛት አይችልም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይፋ የሆነው ፒሪሜታሚን ፎሌትን ለሥራ ዝግጁ የሚያደርገውን ኢንዛይም ያግዳል። ኢንዛይሙ በሰው ውስጥም ቢኖርም መድኃኒቱ አጥብቆ የሚይዘው የተህዋሱን ነው። የፋንሲዳር ሌላው ንጥረ ነገር ሰልፋዶክሲን ደግሞ ከዚህ ቀደም ብሎ ያለውን የምርት ደረጃ ያቋርጣል።

በኢትዮጵያ የወባ ተህዋስ ክሎሮኪንን በመላመዱ ፋንሲዳር እ.ኤ.አ በ1998 ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ሆኖ ተመረጠ። ሆኖም ተህዋሱ የኢንዛይሞቹን ቅርጽ በጥቂቱ በመለወጥ ይህንንም መድኃኒት ተላመደ። በተለያዩ አካባቢዎች የተካሄዱ ጥናቶች የመድኃኒቱን መዳከም በማሳየታቸው፣ እ.ኤ.አ በ2004 ኮአርተም በሚል ስም በሚታወቀው መድኃኒት ተተካ። የአገልግሎት ዘመኑ ስድስት ዓመት ብቻ ነበር።

የኤሊየን ሥራ በወባ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የሕፃናት የደም ካንሰር፣ የሪህና አልማዝ ባለጭራን የመሳሰሉ በሽታዎች መድኃኒቶች ከእሳቸውና ከባልደረቦቻቸው ቤተ ሙከራ ወጥተዋል። ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ወገኖች ለመከላከያነት ሲሰጥ የቆየው ኮትሪሞክሳዞል በውስጡ የያዘው ትሪሜቶፕሪምም የዚያው ምርምር ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ በ1988 ከሂችንግስና ከስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ተምረው ያላጠናቀቁትን ዶክትሬትም በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በክብር ሰጥተዋቸዋል። ትዳር ሳይመሠርቱ ኖረው እ.ኤ.አ በ1999 በ81 ዓመታቸው አረፉ።

የጀመሩት መንገድ ግን አልተቋረጠም። የታይላንድ ተመራማሪዎች የተለወጠውን ኢንዛይም ጭምር እንዲያግድ የነደፉት ፒ218 የተባለ ንጥረ ነገር በፈቃደኛ ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ተህዋሱ ቫይታሚን ቢ6ንም ራሱ የሚያመርት፣ ሰው ግን የማያመርት በመሆኑ ይህም የምርምር ኢላማ ሆኗል።

የፋንሲዳር ታሪክ ለጤናው ዘርፍ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። በብዙ ዓመታት ድካም የተገኘ መድኃኒት በጥቂት ዓመታት ከአገልግሎት ሊወጣ ይችላል። በመሆኑም ሕክምናን በምርመራ ላይ ተመሥርቶ መስጠት፣ የታዘዘውን መጠን ማስጨረስና የመድኃኒትን ፈዋሽነት በየጊዜው መፈተሽ አዲስ መድኃኒት ከመፈለግ ጋር እኩል ክብደት ሊሰጣቸው ይገባል።