የፍሬን ሸራ እናት

ስለ መኪና አጀማመር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ካርል ቤንዝ ነው። ባለ ሦስት እግር የሞተር ጋሪውን በ1886 ፓተንት አስወጣበት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት መሆኑ ነው። እኔ ግን ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ባለቤቱ ስለ ወይዘሮ በርታ ነው። ስማቸው ራሱ አማርኛ ይመስላል፤ ለሴት «በርቺ» መባል ነበረበት እንጂ።

በርታ በ1849 በጀርመኗ ፎርዝሃይም ከተማ ተወለዱ። ካርል ከሸሪኩ ጋር ተጣልቶ ሥራው ሊፈርስ ሲል፣ ገና ሳይጋቡ፣ ቤተሰብ ለትዳር ከመደበላቸው ገንዘብ ከፍለው ሸሪኩን አስወጡለት። በዛሬ ቋንቋ የመጀመሪያዋ ኢንቨስተር እሳቸው ናቸው። በ1872 ሲጋቡ ግን የአገሩ ሕግ ያገባችን ሴት እንዲህ ባለው ነገር ባለመብት አያደርግም ነበርና ፓተንቱ ላይ ስማቸው የለም።

መኪናው ተሠራ፤ ገዢ ግን ጠፋ። ካርል ጥንቁቅ ነበር፣ እንከን ሳያጣ ሩቅ መንገድ ሊያወጣው አልደፈረም። በነሐሴ 1888 አንድ ማለዳ በርታ ለባላቸው ሳይነግሩ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን ኦይገንንና ሪቻርድን ይዘው ከማንሃይም ወደ እናታቸው አገር ፎርዝሃይም ነዱ። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእኛ ሙያ ይሄ ፕሮዳክሽን ላይ ቴስት ማድረግ ይባላል፤ ማኔጀር ቢሰማ ያብዳል።

ነዳጅ ሲያልቅ ቪስሎህ ከሚባል ከተማ ፋርማሲ ገዙ። የተደፈነውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣ መርፌ ከፈቱ። ይህን ሁሉም ይተርከዋል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ፍሬኑ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያቅተው ልጆቹ ወርደው ይገፋሉ፤ ቁልቁለት ላይ ግን የሚገፋም የሚጎትትም የለም። ከእንጦጦ ሲወርድ ፍሬን እምቢ ባለው መኪና የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል። የዚያን ጊዜ ፍሬን እንጨት ነበር፤ እየተፋተገ አለቀ። በርታ አንድ ጫማ ሰፊ ዘንድ ቆመው እንጨቱን ቆዳ አስለበሱት። በቃ፣ የፍሬን ሸራ ተፈጠረ። ቆዳው በኋላ በጨርቅ፣ ከዚያም በአስቤስቶስ ተተክቷል፤ የእኛ ሜካኒኮች እስከ ዛሬ «ሸራ» የሚሉት ከዚያ ዘመን የተረፈ ስም ሳይሆን አይቀርም። እዚህ ስቶን ማውንቴን አካባቢ በኡበርና በጭነት መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ወገናችን ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሲሰማ የሚያስቀይረው የዚያን ቆዳ ልጅ ልጅ ነው።

ከቀናት በኋላ በሌላ መንገድ ነድተው ተመለሱ፤ ያዩትንም ለካርል ዘረዘሩ። ለፍሬኑ ልባስ፣ ለዳገቱ ደግሞ ተጨማሪ ማርሽ ያስፈልጋል አሉት። ባልየውም አልተከራከረም፣ ሠራው። በዚያው ዓመት መኪናው በሙኒክ ኤግዚቢሽን የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ምዕተ ዓመቱ ሲያልቅ የቤንዝ ፋብሪካ በዓለም ትልቁ መኪና አምራች ሆኖ ነበር። መኪና አዲስ አበባ የገባው ግን ከጉዞው ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው።

ካርል በ1929 ሞተ። በስተርጅናው በጻፈው መጽሐፍ በክፉ ቀን ከጎኑ የቀረችው በርታ ብቻ መሆኗን መስክሯል። እሳቸው ላደንቡርግ በሚገኘው ቤታቸው ብዙ ዘመን ኖሩ። ካርል የተማረበት የካርልስሩሄ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ማዕረግ የሰጣቸው ሜይ 3 ቀን 1944፣ 95ኛ ልደታቸው ዕለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ።