የሉዊስ ሃይን ሕይወት

ሉዊስ ሃይን በ1874 ዓ.ም. በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት ተወለደ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ18 ዓመቱ አባቱ ስለ ሞተበት በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጠረ። ሥራው በቀን 13 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ሲሆን ደመወዙ በሳምንት 4 ዶላር ነበረ። ኋላ ሌሎች አይተው የሚያልፉትን ነገር እርሱ ቆም ብሎ ያየው፣ ይህን ኑሮ ስለ ቀመሰ ይመስላል። ከጊዜ በኋላ ትምህርቱን ቀጥሎ በኒውዮርክ አስተማሪ ሆነ፤ ፎቶግራፍ ማንሣትንም የጀመረው እዚያው ነው።

በ1900 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የአሜሪካ ሠራተኞች ከ1,700,000 በላይ ነበሩ። ብዙዎቹ በእርሻ፣ የቀሩት በጥጥ መፍተያ፣ በጠርሙስ ፋብሪካና በድንጋይ ከሰል ማውጫ ይሠሩ ነበር። የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ ለማስቀረት የተቋቋመው ብሔራዊ ኮሚቴ በ1908 ዓ.ም. ሃይንን ሲቀጥረው፣ ማስተማሩን ትቶ ካሜራውን ተሸክሞ አገር ላገር ዞረ።

ባለፋብሪካዎቹ እንዲህ ያለውን እንግዳ አይወዱም ነበርና፣ አንድ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ፣ ሌላ ጊዜ የፖስት ካርድ ነጋዴ መስሎ ይገባ ነበር። የኮቱ ቁልፎች ከመሬት ያላቸውን ከፍታ አስቀድሞ ስለ ለካ፣ ሕፃኑ አጠገቡ ሲቆም ቁመቱን ያውቃል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ እንዳደረገም ስምና ዕድሜ በስውር ይጽፋል። እንዳይገባ የተከለከለ እንደሆነ ደግሞ ከበሩ ውጭ ሆኖ ሠራተኞቹ እስኪወጡ ይጠብቃል። በ1909 ዓ.ም. በጆርጂያ፣ በሜከን ከተማ ያነሣቸው ልጆች ከቁመታቸው ማጠር የተነሣ፣ የተበጠሰ ክር ለመቀጠል መፍተያው ላይ የሚወጡ ነበሩ።

በዚህ ዓይነት የተሰበሰቡት 5,000 ያህል ፎቶግራፎች በመጽሔትና በየስብሰባው ታዩ። በ1916 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የሚሠሩበት ፋብሪካ ዕቃውን ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይሁን እንጂ በሰሜን ካሮላይና በጥጥ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ አባት፣ ልጆቹ ከሥራ እንዳይወጡበት ከሰሰ፤ ከጀርባው ግን ባለፋብሪካዎቹ ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1918 ዓ.ም. በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን ሻረው።

ጸንቶ የቆመ ሕግ የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. ነው። ሃይን ግን በዚያን ጊዜ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ደህይቶ ነበር። ቤቱን በዕዳ ተነጥቆ፣ በእርዳታ ሲኖር ቆይቶ፣ በኖቬምበር 3 ቀን 1940 ዓ.ም. ሞተ።