ጄሮላሞ ካርዳኖና የዳይስ ጨዋታ ስሌት (1501–1576)

የይሆናልነት ስሌት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ስለ ቁማር ገንዘብ አከፋፈል በ1654 ከተለዋወጧቸው ደብዳቤዎች ነው። ይህ አጀማመር ግን አንድ ሰው ይዘልላል። ደብዳቤዎቹ ከመጻፋቸው ወደ መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ጄሮላሞ ካርዳኖ የተባለ የሚላኖ ሐኪም ዳይስ እንዴት እንደሚጣል፣ ከማን ጋር መጫወት እንደሚገባና ምን ያህል ገንዘብ ማስያዝ ፍትሐዊ እንደሆነ የሚያስተምር መጽሐፍ በላቲን ጽፎ ነበር። የካርዳኖ ሕይወት እዚህ የሚቀርበው ከዚሁ መጽሐፍ አንጻር ነው፤ በሕክምናና በአልጀብራ የሠራቸው ሥራዎች የሚነሡት ከጉዳዩ ጋር በተያያዙበት መጠን ብቻ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ካርዳኖ የተወለደው በ1501 በፓቪያ ከተማ ነው። እናቱ ኪያራ በሚላኖ የገባውን ወረርሽኝ ሸሽታ ወደ ፓቪያ ሄዳ ነበር፤ ቀደም ሲል የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በዚያው ወረርሽኝ አለቁ። አባቱ ፋዚዮ የሕግ ባለሙያና የጂኦሜትሪ አዋቂ ሲሆን ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሳይቀር በጂኦሜትሪ ጉዳይ ያማክረው ነበር። ይሁን እንጂ ወላጆቹ በጋብቻ የተሳሰሩ አልነበሩም። ይህ የልደት ሁኔታ በኋላ የሚላኖ ሐኪሞች ማኅበር ካርዳኖን በአባልነት ላለመቀበል ምክንያት አድርጎ ያቀረበው ሲሆን፣ ለዓመታትም የእንጀራውን በር ዘግቶበታል።

አባቱ ሕግ እንዲያጠና ቢሻም ልጁ ሕክምናን መረጠ። በፓቪያ ጀምሮ በፓዶቫ ሲማር ሳለ በ1524 አባቱ ሞተ፤ የተረፈችው ጥቂት ውርስም ብዙም ሳትቆይ አለቀች። ቁማር መተዳደሪያው የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ካርታ፣ ዳይስና ቼዝ ይጫወታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሚያጣው የሚያገኘው ይበልጥ ነበር። በስተርጅናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ቼዝን ለ40 ዓመታት ያህል፣ ዳይስን ደግሞ ለ25 ዓመታት ገደማ እንደተጫወተ፣ ያውም በየቀኑ እንደነበረ፣ ኀፍረቱን ሳይሸሽግ መዝግቧል።

በወጣትነቱ በቬኒስ የደረሰበት ነገር የዘመኑን የቁማር ቤት ጠባይ ያሳያል። በአንድ ሰው ቤት ካርታ ሲጫወት በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘቡን ተበላ። ካርታዎቹ ምልክት የተደረገባቸው መሆናቸውን ሲደርስበት ጩቤ መዝዞ የባለቤቱን ፊት ጫረው፤ ገንዘቡንም ሰብስቦ አሽከሮቹ ባሉበት ቤት በሩ እስኪከፈትለት ድረስ ተፋጠጠ። በዚያው ምሽት በጨለማ ሲሄድ ከቦይ ውስጥ ወደቀ። በመቅዘፊያ ተይዞ ወደ ጀልባ ሲወጣ ያገኘው ፊቱን በጨርቅ የታሰረውን ያንኑ ሰው ነበር። ሰውዬው ግን አልተበቀለውም፤ ይልቁንም ደረቅ ልብስ ሰጥቶት አብረው ወደ ፓዶቫ ተጓዙ። ታሪኩን የምናውቀው ከራሱ ከካርዳኖ ብቻ በመሆኑ ቀለም ሳይጨመርበት አይቀርም። ቢሆንም በመጽሐፉ ስለ ማጭበርበር የጻፋቸው ምዕራፎች ከመጻሕፍት የተቀዱ አለመሆናቸውን ለመረዳት በቂ ነው።

በ1531 ሉቺያ ባንዳሪኒን አገባ። ቀጥለው የመጡት ዓመታት የጨለሙ ነበሩ። በሚላኖ እንዲሠራ ስላልተፈቀደለት በአቅራቢያዋ ባለችው ጋላራቴ በተባለች ከተማ ሞከረ፤ በሽተኛም ገቢም አልነበረም። ወደ ቁማር ተመለሰ፤ ዕድሉ ግን ጠመመበት። የሚስቱ ጌጣጌጥና የቤት ዕቃው በቁማር ሄደ፤ ቤተሰቡም በሚላኖ በድሆች መጠለያ እስከ ማደር ደረሰ። ከዚህ ያወጣው በ1534 ያገኘው የሒሳብ መምህርነት ነው። የሐኪሞቹ ማኅበርም በ1539 ተቀበለው።

በዚያው በ1539 ያሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ለቁማር ስሌት የመጀመሪያ እርምጃው ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1494 ባሳተመው ሥራ አንድ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ ጨዋታ ሳያልቅ ቢቋረጥ የተያዘው ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፈል? ፓቾሊ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ባሸነፋቸው ዙሮች ልክ ይከፈል አለ። ካርዳኖ ይህን ተቃወመ፤ ዋናው ጉዳይ ያለፈው ሳይሆን እያንዳንዱ ተጫዋች ለማሸነፍ የሚቀሩት ዙሮች ብዛት ነው የሚል ነበር ክርክሩ። ያቀረበው ቀመር ትክክል አይደለም፤ ዓይኑን ያሳረፈበት ስፍራ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ፓስካልና ፌርማ የጀመሩበት ነው።

በ1545 የታተመው «አርስ ማግና» የተሰኘው የአልጀብራ መጽሐፉ በመላ አውሮፓ አስጠራው። በውስጡ የወጣውን የሦስተኛ ደረጃ እኩልታ መፍትሔ በተመለከተ ከኒኮሎ ታርታሊያ ጋር የገባበት ጠብ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ እዚህ አይዘረዘርም። በሕክምናም ስሙ ገንኖ በ1552 የቅዱስ እንድርያስ ሊቀ ጳጳስ የነበሩትን ጆን ሃሚልተንን ከአስም ለማከም እስከ ስኮትላንድ ድረስ ተጠርቷል።

የዳይሱ መጽሐፍ በላቲን ስሙ «ሊበር ደ ሉዶ አሌዬ» ይባላል። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጽፈው ቆይቶ በ1560ዎቹ የከለሰው ሲሆን 32 አጫጭር ምዕራፎች አሉት። የሚጀምረው በስሌት አይደለም። አስቀድሞ ማን፣ መቼና ከማን ጋር ሊጫወት እንደሚገባ ይመክራል፤ ለዳኛ፣ ለሐኪምና ለሽማግሌ ጨዋታው ነውር ነው ይላል፤ ይህን የሚለው ሐኪም ነው። ማስያዣው አነስተኛ፣ ጨዋታውም አልፎ አልፎ ይሁን፤ ለቁማርተኛም ከሁሉ የሚበልጠው ትርፍ ጭራሹን አለመጫወት ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ከዚያ ጥንቃቄውን ይዘረዝራል። ጠርዙ የተሞረደ ወይም ቅርጹ የተዛባ ዳይስ፣ በቀላሉ እንዲንሸራተት ሳሙና የተቀባ ካርታ፣ ከጎን ቆሞ ተጫዋቹን የሚያውክ ተመልካች፣ ሁሉም በስፍራቸው ተነሥተዋል። የጥንት ሰዎች ይጫወቱበት ስለነበረው ባለ አራት ገጽ የቁርጭምጭሚት አጥንትም ምዕራፎች አሉት።

የመጽሐፉ እምብርት ግን የእኩልነት ሐሳብ ነው። ጨዋታ ፍትሐዊ የሚሆነው በተጫዋቾቹ፣ በገንዘቡ፣ በመጣያው ዕቃና በራሱ በዳይሱ ላይ ያለው ሁኔታ ለሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን ነው። ዳይሱ ያልተዛባ ከሆነ ስድስቱ ገጾች እኩል ዕድል አላቸው፤ ስለዚህ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ መቁጠር ይቻላል። ሁለት ዳይስ 36፣ ሦስት ዳይስ ደግሞ 216 ልዩ ልዩ አወዳደቅ አላቸው። ከሁለት ዳይስ ቢያንስ በአንዱ ላይ አንድ ነጥብ እንዲወጣ የሚወራረድ ሰው ከ36ቱ 11ዱ ለእርሱ፣ 25ቱ ለባላጋራው ናቸው፤ ፍትሐዊ ማስያዣ የሚሆነውም የእርሱ 11 በባላጋራው 25 ላይ ነው። ዛሬ ይህ ለተማሪ ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን የዳይስን አወዳደቅ ከዕጣና ከእግዚአብሔር ፈቃድ ለይቶ በቁጥር ማሰብ ቀላል እርምጃ አልነበረም።

መጽሐፉን ይበልጥ የሚያስወድደው ጸሐፊው ሲሳሳትና ሲታረም መታየቱ ነው። በመጀመሪያ አንድን የተመረጠ ገጽ ለማግኘት ሦስት ጊዜ መጣል እኩል ዕድል ይሰጣል ብሎ ያስባል፤ 3 የ6 ግማሽ ነውና። ነገር ግን ያው ገጽ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ሊወጣ ስለሚችል ስሌቱ ያጋንናል፤ እውነተኛው ቁጥር ከ216 91 ብቻ ሲሆን ካርዳኖም ኋላ ደርሶበታል። ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ይህ በተከታታይ ሁለት ጊዜ እንዲሆን ዕድሉ ምን ያህል ነው? 91ንና 125ን እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ ሁለቱን ያነጻጽራል። ወዲያው ግን ነገሩ አላማረውም። በዚህ መንገድ ከተሰላ፣ አንድ ጊዜ ለማሸነፍ እኩል ዕድል ያለው ሰው በተከታታይ አሥር ጊዜ ለማሸነፍም እኩል ዕድል ይኖረዋል፤ ይህም ከንቱ ነው። ስለዚህ መልካሞቹን አወዳደቆች ከጠቅላላው ጋር ማነጻጸር እንደሚገባ ያስተካክላል፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ከ4 አንድ፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ከ8 አንድ። የተሳሳተውን ገጽ ግን አልሰረዘውም።

ይህን ሁሉ ካሰላ በኋላም ካርዳኖ በዕድል ማመኑን አልተወም። ኮከብ ቆጣሪ ነበር፤ ውጤቱ ከስሌቱ ሲርቅ ምክንያቱን ከተጫዋቹ ዕድል ይፈልጋል። አንዳንድ አንባቢዎች ይህን በመጥቀስ መሥራችነቱን ይነፍጉታል። ፍርዱ የከበደ ይመስላል፤ መቁጠርን የጀመረ ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ የዘመኑን እምነት ሁሉ እንዲጥል መጠበቅ አይገባም።

መጽሐፉን በከለሰበት ዘመን ቤቱ ፈርሶ ነበር። ሉቺያ በ1546 ሞታለች። ሐኪም የነበረው የበኩር ልጁ ጆቫኒ ባቲስታ ሚስቱን በመርዝ በመግደል ተከሶ በ1560 በሞት ተቀጣ፤ አባትየው በጠበቃም በገንዘብም ሊያድነው አልቻለም። ታናሹ አልዶ ቁማርተኛ ወጣ። የራሱን ጨርሶ ወደ አባቱ ሣጥን እጁን ሰደደ፤ በ1569 ቤቱን ሰብሮ ገንዘብና ጌጥ ሰረቀ። በቦሎኛ ፕሮፌሰር የነበረው ካርዳኖ ራሱ ለሹማምንት አመልክቶ ልጁ ከከተማዪቱ እንዲባረር አደረገ። ለወጣት ተጫዋች ምክር የጻፈው ሰው ምክሩ ለገዛ ልጁ አልደረሰም።

በ1570 ኢንኩዊዚሽን የተባለው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት አሰረው። ለወራት ከታሰረ በኋላ ቢፈታም የማስተማርና የማሳተም መብቱን ተነጠቀ። ወደ ሮም ሄዶ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በ1576 በዚያው ሞተ። የሚሞትበትን ቀን በኮከብ አስቀድሞ ተናግሮ፣ ትንቢቱ እንዲፈጸም ራሱን በረኀብ ገደለ የሚለው ወሬ ማስረጃ የለውም።

የዳይሱ መጽሐፍ የታተመው በ1663 በሊዮን ከተማ፣ ሥራዎቹ በ10 ቅጾች ተሰብስበው ሲወጡ ነው። በዚያን ጊዜ ክርስቲያን ሃይገንስ ስለ ዳይስ ስሌት ያዘጋጀው ሥራ በ1657 ታትሞ በሊቃውንት እጅ ነበር። የካርዳኖ ምዕራፎች በትልቁ ቅጽ ውስጥ ተቀብረው ቀሩ፤ ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይስታይን ኦሬ በ1953 በአንድ መጽሐፍ ሙሉ ትንታኔ እስኪሰጣቸው ድረስም በውስጣቸው የትኛው ስሕተት፣ የትኛው እርማት እንደሆነ በጥንቃቄ ለይቶ ያነበባቸው ሰው ጥቂት ነበር።