የልዑል ራስ መኰንን የአባትነት አደራ

በሐረር የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት፣ በዚያውም የተቀበሩት ልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል በአገር ግዛትና በጦር ሜዳ የሠሩት ሥራ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። በቤታቸው የሠሩት ሥራ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ይኸውም እናቱ የሞተችበትን ሕፃን በሃይማኖትና በትምህርት ኰትኵተው ማሳደጋቸው ነው። አገር ከማስተዳደር ይልቅ ልጅ ማሳደግ ይከብዳል። የሸፈተ አገር በጦር ይመለሳል፤ የሸፈተን ልጅ ልብ ግን የሚመልስ ሠራዊት የለም። ካህኑ ኤሊ እስራኤልን ሁሉ ሲፈርድ ኖሮ በገዛ ልጆቹ እንደ ተፈረደበት ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ራስ መኰንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው 14 ዓመት በሆነ ጊዜ አባታቸው ወስደው ለአጎታቸው ልጅ፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ አደራ ሰጧቸው። ስለዚህ መኰንን አደራ ምን እንደ ሆነ ያወቁት በሌላ ሰው ላይ አይተው ሳይሆን ራሳቸው አደራ ሆነው ነው። ታማኝነታቸውም ስለ ተመረመረ፣ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረር በገቡ ጊዜ የአገሩን ግዛት ለእርሳቸው ሰጡ። ሐረር በጀጎል ግንብና በአምስት በሮቿ የታጠረች፣ የእስልምና ሊቃውንትና የነጋዴዎች ከተማ ናት። ያልለመዱትን ሕዝብ ማስተዳደር ቀላል ሥራ አልነበረም።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ከወይዘሮ የሺ እመቤት ዓሊ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ስሙም ተፈሪ ተባለ፤ የክርስትና ስሙ ኃይለ ሥላሴ ሆነ። ከወይዘሮ የሺ እመቤት ከእርሱ በፊት የተወለዱላቸው በሕፃንነት ስለ ሞቱ የዚህ ልጅ መትረፍ ለቤቱ ታላቅ ደስታ ነበረ። ነገር ግን ደስታው ብዙ ሳይቈይ ሕፃኑ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1886 ዓ.ም. እናቱ ዐረፉ።

አባት ብቻቸውን ቀሩ፤ እርሳቸውም በቤት የሚውሉ አባት አልነበሩም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ዘመቱ፤ ከዚያም ወደ ቤኒ ሻንጉል፣ ቀጥሎም ወደ ትግሬ ተላኩ፤ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝን ንጉሥ የዘውድ በዓል ለማክበር ንጉሠ ነገሥቱን ወክለው ወደ ለንደን ሄዱ። ከአንዱ ጉዞ ሲመለሱ ሌላው ይጠብቃቸው ነበር። እንዲህ ያለ አባት ልጁን ለአሽከርና ለሞግዚት ትቶ በመልካም ልብስና በመልካም ምግብ ቢክስ የሚወቅሰው ሰው አይገኝም ነበር። እርሳቸው ግን እንዲህ አላደረጉም።

አስቀድመው ቤት መረጡለት። ሕፃኑን ለዘመዳቸው ለፊታውራሪ ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ሰጥተው፣ ከፊታውራሪ ልጅ ከእምሩ ጋር እንደ ወንድማማች አብረው እንዲያድጉ አደረጉ። በግቢ ብቻውን ያደገ የመኳንንት ልጅ አገልጋዩ ሁሉ ስለሚያሞግሰው ከውዳሴ በቀር ሌላ አይሰማም፤ ከእኩያው ጋር አንድ ማዕድ የቈረሰ ግን ማካፈልን ይማራል፤ ሲያጠፋም የሚቈጣው ያገኛል።

ሁለተኛም አስተማሪ መረጡለት። ልጁ እንደ አገሩ ሥርዐት ፊደልና ንባብ በአማርኛና በግዕዝ ከተማረ በኋላ፣ በአባ እንድርያስ በተባሉት በፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ ዘንድ ፈረንሳይኛ የተማሩትን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን አስተማሪ አደረጉለት፤ ዶክተር ቪታሊየን የተባሉ ሐኪምም ቋንቋውን አስተማሩት። የባዕድ አገር ትምህርት ሃይማኖትን ያስጥላል ብሎ ለሚፈራ አባት ይህ አካሄድ ትምህርት ይሆነዋል። ራስ መኰንን አውሮፓን አይተው ስለ ነበረ የጥበብን ጥቅም ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን መሠረትን ሳይጥሉ መስኮት አልከፈቱም።

ሦስተኛም ልጁን ወደ ሥራ አቀረቡት። በ1898 ዓ.ም. በጥቅምት፣ ተፈሪ 13 ዓመት ሲሆነው፣ ደጃዝማች ብለው የጋራ ሙለታን ግዛት ሰጡት። አደራ መቀበልን እርሳቸው በ14 ዓመታቸው ተምረውት ነበርና ለልጃቸውም በዚያ ዕድሜ አቅራቢያ አስተማሩት።

በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሥተው ሳሉ በመንገድ ታመሙ፤ ወደ ቁልቢም ተመለሱ። ጦቢት ሞቱ የቀረበ በመሰለው ጊዜ ልጁን ጦብያን ጠርቶ እንደ መከረው፣ እርሳቸውም በሕመማቸው ልጃቸውን አልረሱም። ለዳግማዊ ምኒልክ ደብዳቤ ጽፈው ተፈሪን አደራ አሏቸው። አባታቸው እርሳቸውን በሰጡበት እጅ እርሳቸውም ልጃቸውን ሰጡ። መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. በቁልቢ ዐረፉ፤ ሐረርም አልቅሶ ቀበራቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ሊታሰብ ይገባዋል። የሐረር ግዛት ለታላቁ ልጃቸው ለደጃዝማች ይልማ ሆነ፤ ተፈሪ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተጠሩ። ይልማ ብዙ ሳይቈዩ ሞቱ፤ ተፈሪም የአባታቸውን ግዛት ያገኙት በ1902 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ መካከለኛ ዓመታት ከአባት ርስት በእጃቸው የቀረው ዋናው ነገር ትምህርታቸውና አስተዳደጋቸው ነበረ። አባት የተከሉት አደራ ከእርሳቸው ሞት በኋላም ይሠራ ነበር፤ አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ጀልባ በሰጠመ ጊዜ እስከ ሞቱ ድረስ ከደቀ መዝሙራቸው አልተለዩም። ተፈሪ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። በ1929 ዓ.ም. በስደት በባዝ ከተማ ሳሉ የሕይወታቸውን ታሪክ መጻፍ በጀመሩ ጊዜም በመጀመሪያው ክፍል የአባታቸውን ነገር አኖሩ። ዙፋን በራቀ ሰዓት የአባት መታሰቢያ አልራቀም።

ልጅ አድጎ የሠራውን ሥራ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ ታሪክም በበኩሉ ይመረምረዋል። አባት የሚጠየቀው ግን ስለ ዘራው ዘር ነው። ራስ መኰንን ጊዜ አልነበራቸውም፤ ሚስታቸው ሞታባቸው ነበር፤ ዕድሜም አልረዘመላቸውም። ሆኖም ለልጃቸው መልካም ቤት፣ መልካም ባልንጀራ፣ መልካም መምህርና የታመነ ባለ አደራ ፈልገው አላጡም። ይህን ለማድረግ ራስ መሆን አያስፈልግም። በግ የሚጠብቅም፣ በገበያ የሚነግድም፣ በጽሕፈት ቤት የሚውልም አባት ልጁ ከማን ጋር እንደሚበላ፣ ከማን እንደሚማርና እርሱ ቢሞት በማን እጅ እንደሚወድቅ ሊያስብ ይችላል። ሹመት በሌላ ሰው ቃል ይሰጣል፤ በሌላ ሰው ቃልም ይወሰዳል፤ በልጅነት የተተከለ ምግባር ግን ሻሪ የለውም። የአባቶችን አደራ የሚጠብቅ አምላክ ለዚህ ደብር ልጆችም አባቶቻቸውን ይጠብቅልን። አሜን።