ኮሜኒየስ፦ ሥዕልን ከቃል ጎን ያስቀመጠው መምህር

በማሠልጠኛችን ስለ ማስተማር ዘዴ ሲነሣ የኮሜኒየስ ስም ይጠራል። ስሙን እንሰማለን እንጂ ሰውየው እንዴት ኖረ ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? እስቲ ዛሬ ባጭሩ እንየው። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ያን አሞስ ኮሜኒየስ በ1592 በሞራቪያ፣ በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ እናትና አባቱ ሞቱበት። የላቲን ትምህርት ቤት የገባውም ዘግይቶ፣ በ16 ዓመቱ ነው። በዚያን ዘመን ተማሪ የላቲንን ሰዋስው የሚሸመድደው በዚያው በማያውቀው በላቲን ነበር፤ ካልገባው ደግሞ ይገረፋል። ኮሜኒየስ ዕድሜ ልኩን የታገለው ይህንን ነው።

ጀርመን አገር ተምሮ ሲመለስ መምህርና የሃይማኖት አገልጋይ ሆነ። በ1618 የሠላሳው ዓመት ጦርነት ተነሣ። በ1622 ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወረርሽኝ ወሰደበት። በ1628 ወደ ፖላንድ፣ ሌሽኖ ወደምትባል ከተማ ተሰደደ፤ አገሩንም ዳግመኛ አላያትም።

ስደቱ ግን ሥራውን አላስቆመውም። በ1631 ያሳተመው የላቲን መማሪያ 8000 ያህል ቃላትን በ1000 ዓረፍተ ነገሮች አሰባስቦ የያዘ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከላቲኑ ጎን የየአገሩ ቋንቋ እየተጻፈ በብዙ አገር ታተመ። እምነቱ ግልጽ ነው፤ ልጅ እስከ 12 ዓመቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር፣ ከቃሉ በፊት ነገሩን ይወቅ፣ ከሕጉ በፊት ምሳሌውን ይይ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንደምንለው መሆኑ ነው።

ከ1650 እስከ 1654 በሃንጋሪ ሲያስተምር ያ መጽሐፍ እንኳ ለጀማሪዎች ከበዳቸው። እሱ ግን ልጆቹ ደካሞች ናቸው ብሎ አልተዋቸውም፤ መጽሐፉን ለወጠው። በ1658 በኑረምበርግ የታተመው ባለ ሥዕል መጽሐፉ ከዚህ የመጣ ነው። ከላይ ሥዕል አለ፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ነገር ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ያው ቁጥር ከሥር ከቃሉ ጋር ይገኛል። ባንድ ወገን ላቲን፣ በሌላው ጀርመንኛ። ፊደሉን እንኳ በቁራ ጩኸትና በበግ ድምፅ ነው የሚያስተምረው። በዓመቱ፣ በ1659፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ መካከል በ1656 ሌሽኖ ተቃጠለች። ከ40 ዓመት በላይ የደከመበት የቼክና የላቲን መዝገበ ቃላት ረቂቅ አመድ ሆነ። ያኔ 64 ዓመቱ ነበር። አምስተርዳም ገብቶ በ1657 የማስተማር ዘዴ ጽሑፎቹን አሰባስቦ አሳተመ። በ1670 እዚያው አረፈ።

ታዲያ ይኼ ለእኛ ምናችን ነው? ነገ የምናስተምረው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ታሪኩንም ኬሚስትሪውንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም ያለውን ሁሉ አያውቅም ብለን ዜሮ ብንሰጠው የላቲኑን ዘመን መለስነው ማለት ነው። መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ እንጠይቀው፤ ሐሳቡን ያውቀው ይሆናል፣ የጎደለው ቃሉ ብቻ ነው። ኮሜኒየስ ለሥዕሎቹ እንጨት ቀራጭና ማተሚያ ቤት አስፈልጎት ነበር። ለእኛ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃናል፤ የልብን ወይም የተክልን ሥዕል ነድፈን፣ ክፍሎቹን በቁጥር አመልክተን፣ እንግሊዝኛውን ከጎኑ እንጻፍ። በመጪው የተግባር ማስተማር ልምምድ ላይ እንሞክረው።